ከዳገቱ እስክመለስ

ጥቅምት 4

ዳገቱ ጫፍ ደርሶ መመለስ፣ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ግራ ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ጠቅ ጠቅ አለኝ። ሜዳው ላይ ስደርስ ዝም አለ። የጤና ቡድናችን አሠልጣኝ ምልኬሳ «ሱታ፣ ሱታ እማማ! ቀስ ይበሉ። ቁልቁለት ላይ እርምጃዎን ያሳጥሩ» ይላል። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ስልሳ ሁለት ዓመት ጉልበት ምን ያውቃል?

ስወጣ የልጄ ሚስት፣ ልዩ፣ በር ላይ ቆማ «ዛሬ እንኳ አይቸኩሉ፣ ተዝናንተው ይምጡ» አለችኝ። ስኳርሽ ጨምሯል፣ ተንቀሳቀሺ ተብዬ መሮጥ ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። አንድ ቀን አይቸኩሉ ብላኝ አታውቅም። ለምን ዛሬ?

ጥቅምት 6

ዛሬም «አይቸኩሉ» አለች።

ጥቅምት 10

ከሩጫ ስመለስ፣ ባጃጅ መቆሚያው ጋ ስደርስ፣ ከግቢዬ አንድ ሰውዬ ሲወጣ አየሁ። እጁ ላይ ሜትር።

«ማን ነው?» አልኳት ልዩን።

«አድራሻ ጠፍቶበት ነው።»

አድራሻ የጠፋበት ሰው ሜትር ምን ያደርግለታል?

እራት ላይ ደግሞ ልጄ ይትባረክ… «እማዬ፣ መቂ እህቴ ጋ ሄደሽ ትንሽ አታርፊም?» ቤቴን አስለክተው እኔን ወደ መቂ። ገባኝ።

አንዴ ተሸውጃለሁ። ባሌ በሞተ በሳምንቱ ወንድሙ ወረቀት ይዞ መጣ። «ለእድሩ ነው፣ እዚህ ጋ ጣትሽን አድርጊ» አለኝ። አደረግሁ። መቂ የነበረን የሽንኩርት መሬት በዚያች ጣት ሄደ። በሃምሳ ዓመቴ የማታ ትምህርት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ከልጅ ልጆች እኩል ሀ ሁ እያልኩ። የቀረችኝ ይህች ቤት ናት። እሷን ማንም አይወስዳትም።

ጥቅምት 12

ሁለት ቀን አሰብኩበት። እነሱ የሚሠሩት እኔ ስወጣ ነው። ቤት ብቀር ምንም አላይም። ስለዚህ እወጣለሁ… ግን ሳያስቡት እመለሳለሁ።

አርባ ስምንት ደቂቃ። ዘርፉ፣ የቡድናችን ወሬኛ፣ ከኋላዬ ትጮሃለች። «አንቺ ሙሉብርሃን! ጅብ አየሽ እንዴ?» ምልኬሳ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። «ምን አገኙ እማማ?»

«ሥራ አለኝ» አልኩት።

ስደርስ ልዩ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሌላ ሰው የለም። ዘግይቼ ይሆን?

ጥቅምት 16

ቀኝ ተረከዜ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ ይመስለኛል። ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል። ምልኬሳ እግሬን አገላብጦ አየው። «ከባድ አይደለም። ሁለት ቀን ይረፉ። እረፍትም ልምምድ ነው።»

ሁለት ቀን! እሱና ይትባረክ አንድ ቤት ነው ኳስ የሚያዩት። ምን ተባባሉ? እኔ እግሬን ሰብስቤ ልቀመጥ፣ ከዚያ «አሞሻል፣ በቃ መቂ ሂጂ» ሊሉኝ።

አላርፍም። ቤት ውስጥም አላነክስም። ልዩ ታየኛለች።

ጥቅምት 19

እርምጃዬን ሳሳጥር ጉልበቴ ዝም አለ። ያ ልጅ ልክ ነበር። አናደደኝ። አርባ አምስት።

ጥቅምት 24

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

የፍየሎቹን መንገድ በግራሩ መሃል ቆርጬ ወረድኩ። እሾህ ሻርፔን ያዘው፣ ጎትቼ ቀደድኩት። አርባ አንድ ደቂቃ። በሩ ገርበብ ብሏል።

ያዝኳቸው።

ቁም ሳጥኑ ግቢ መሃል ቆሟል። ያ ሰውዬ ተንበርክኮ ይለካዋል። ልዩ ቁጥር ትጽፋለች። ይትባረክ ለሥራ ለብሶ ቆሟል።

«ቤቴን ለክታችሁ ጨረሳችሁ?» አልኩ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«ቤትሽን ማን ለካው?» አለ ይትባረክ። ከዚያ ድምፁ ቀነሰ። «እማዬ… ሞጆ ቤት ተከራይተናል፣ ለደረቅ ወደቡ ቅርብ ነው፣ ለሥራዬ። በሩ ጠባብ ስለሆነ ቁም ሳጥኑ ይግባ አይግባ አናጢው እየለካልን ነው።»

«ታዲያ ለምን ተደበቃችሁ?»

የመለሰችልኝ ልዩ ናት። አብረን በኖርንበት ሦስት ዓመት እንደዚያ ተናግራ አታውቅም። «ዘይት ስገዛ ጠርሙሱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ስልክ ሳወራ በር ጀርባ ይቆማሉ። ብንነግርዎ ደግሞ ካዱኝ ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሉ። ደከመኝ እማማ! ምን ሰርቄ እንደሆነ እንኳ ቢነግሩኝ ምን አለበት?»

ሰውዬው መሬት መሬት ያያል።

«መቂ ያልኩሽ ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ ነው» አለ ይትባረክ።

ውሸት ነው ልል ነበር። ግን ቁም ሳጥኑ የነሱ ነው፣ ለሰርጋቸው የገዙት። ቤቴን የፈለገው ሰው የለም። እኔንስ?

ጥቅምት 30

አይሱዙ መጣ። ጫኑ። ልዩ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ቶሎ ብላ። አሁን ቤቱ ሙሉ የኔ ነው። ራዲዮ ከፈትኩ።

ኅዳር 4

ካልሮጥኩ አሥር ቀን። ተረከዜ ዳነ። አሁን ደግሞ የምሮጥበት ምክንያት የለም። ቶሎ ተመልሼ ማንን ልይዝ?

ዘርፉ በር ላይ መጣች። «ሞተሻል ወይስ ተኝተሻል?»

«ጉልበቴን» አልኳት። ጉልበቴ ደህና ነው። ውሸታሟ እኔ ሆንኩ።

ኅዳር 8

ሄድኩ። ቤቱ ዝም ሲል ጊዜ። ሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ። ከላይ ሆኜ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹን አየሁ። ዘጠኝ ወር እዚያ ስመላለስ ዓይኔ ከሰዓቴ ተነሥቶ አያውቅም። ለካ እኩል አይዞሩም… አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ጭራሽ ቆሟል።

ምልኬሳ «ዘገዩ» አላለኝም። ምን አስቦ ነው?

ኅዳር 15

ሃምሳ ሦስት። ማንንም ለመያዝ አይደለም። እነሱን የያዝኩ ቀን አርባ አንድ ነበር። የዛሬው ግን አላቃጠለኝም።

ኅዳር 28

እሁድ። ለማንም ሳልናገር በሚኒባስ ሞጆ ሄድኩ። ይትባረክ አድራሻውን ጽፎ ትቶልኝ ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ አቧራማ መንገድ ነው፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ባለባጃጁ «እናቴ፣ ይግቡ» አለኝ። አልገባሁም። ሮጥኩ። መሃል ላይ ተረከዜ ተመለሰብኝ። እርምጃዬን አሳጠርኩ፣ እያመመኝም ቀጠልኩ። ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ነበር። ብዙ ነገር አሰናዳሁ።

ልዩ ከፈተችልኝ። ላቤን አየች። ከኋላዬ መንገዱን አየች።

«እማማ! ምን ሆኑ? ማን እያባረረዎት ነው?»

«ማንም» አልኳት። «ልጠይቃችሁ ነው።»

ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋ።

በሩን እንደያዘች ቆመች። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ እየገመተች ነበር። ዓይኗን አወቅኩት፣ የኔ ዓይን ነው። ፊት ቢሆን ተመልሼ ሄጄ ለዘርፉ አወራው ነበር።

ቆምኩ። ትንፋሼን እየሰበሰብኩ፣ እስክታስገባኝ ጠበቅኩ። ጊዜ ወሰደባት። አልተቆጣሁም።