ስለ መዋኛው ፓምፕ አየር መሳብና ስለ ገለታ አለመመለስ

ለተከበሩ ጓድ መሸሻ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? የእንጦጦ ብርድ ሳይነካዎ፣ የስብሰባው ብዛት ሳያደክምዎ፣ እንቅልፍም ሳይጎድልዎ እንዲከርሙ ምኞቴ ነው። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ፤ በጽሕፈት ቤትዎ እንዲህ ማለት የማይፈቀድ ከሆነ ደህና መሆኔን ብቻ ይውሰዱልኝ። ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ ሂስ ያለው ሰው በጽሑፍ አድርጎ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ በራስዎ አንደበት ስለ ፈቀዱ፣ በአዲሱ ገበያ የቧንቧና የብሎን ሱቅ ያለኝ እኔ ሳቢት አብዱልሰላም ይህንን ለጥፌያለሁ። ሚስማሩ የራሴ ነው።

ጉዳዩ ስለ መዋኛው ነው። ቀበሌው በወረሰው ትልቁ ቪላ ግቢ ውስጥ ያለው መዋኛ የሰፊው ሕዝብ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ ከልቤ አጨብጭቤያለሁ። በጉለሌ ብርድ ሰፊው ሕዝብ ገብቶ ባይዋኝበትም፣ የእኛ መሆኑን ማወቁ ብቻ ያሞቃል። የመዋኛውን ፓምፕ ከድሮ ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው ገለታ፣ የግቢው አትክልተኛና የእኔም የሃያ ዓመት ጎረቤት፣ ከቪላው ጋር አብሮ ተወርሶ እዚያው ሥራው ላይ ቀረ። ቅሬታዎቼ ከዚህ ይጀምራሉ፤ ስለ ድፍረቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ላስቲኩ። ከፓምፑ ፊት ቅጠልና ቆሻሻ የሚያስቀር ማጣሪያ አለ፤ ማጣሪያው ክዳን አለው፤ በክዳኑ ሥር ደግሞ አየር እንዳይገባ የሚከለክል ክብ ላስቲክ አለ። ይህ ላስቲክ አርጅቶ ሲሰነጠቅ ፓምፑ ከውሃው ጋር አየር ይስባል፣ ያጉረመርማል፣ መዋኛው ውስጥም አረፋ ይተፋል። ገለታ ይህን ገና በኅዳር አውቆት ነበር። መለዋወጫ ላስቲኮቹም ከፓምፑ አሥር እርምጃ በማይርቀው መጋዘን ውስጥ ነበሩ፤ ነገር ግን ንብረት ቆጣሪው ኮሚቴዎ በውርሱ ጊዜ "የሕፃን መጫወቻ ቀለበት፣ ጥቁር፣ ሁለት" ብሎ መዝግቦ በሩን በሰም አሽጎባቸዋል። ገለታ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈ፤ ነገሩንም በደንብ አስረዳ። ኮሚቴው ሦስቱንም ጊዜ፣ አንድ ጎልማሳ አትክልተኛ ለመጫወቻ ሲባል የታሸገ መጋዘን ሊከፈትለት እንደማይችል በትሕትና መለሰለት። ለሕዝብ ንብረት ስላላችሁ ጥንቃቄ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራው። በጥር ወር ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጡ እንግዶች መዋኛውን ሊመርቁ በቆሙበት ፓምፑ እንደ ሽሮ ድስት ተንተከተከ። እንግዶቹ እንደ ሄዱ እዚያው መዋኛው ዳር ስብሰባ ተጠራ። የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ጓድ አጥናፉ ቧንቧውን ከዳር እስከ ዳር በእጃቸው ዳስሰው ደረቅ መሆኑን አረጋገጡ፤ ውሃ የሚያፈስ ቀዳዳ ከሌለ ጥፋቱ የቧንቧ ሳይሆን የሰው ነው አሉ። ገለታ ተነሥቶ "ጓድ፣ ፓምፑ ሲሠራ በዚች ቀዳዳ አየር ነው የሚገባው እንጂ ውሃ አይወጣም፤ ይኸው ይዩት" አለና ከጋቢው ጫፍ አንድ ክር መዝዞ ወደ ክዳኑ አስጠጋ። ክሩ ወደ ውስጥ ተሳበ። ሁላችንም አየን። ጓድ አጥናፉ ግን "የሚገባበት እንጂ የማይወጣበት ቀዳዳ በዓለም ላይ የለም! ሰውዬው በክር ሊያጃጅለን ነው" ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን።

እዚህ ላይ ሂሱን ወደ ራሴ ላዙረው፣ ግለሂስም ተፈቅዷልና። እኔ የቧንቧ ነጋዴ ነኝ። ገለታ እውነቱን እንደተናገረ ከዚያ ሁሉ ሰው ይልቅ አውቅ ነበር፤ እሱም ማወቄን ስለሚያውቅ ዞሮ አየኝ። "የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ነው የምትሉ እጅ አውጡ" በተባለ ጊዜ እጄን አወጣሁ። ከፍ አድርጌ አይደለም፤ እስከ ጆሮዬ ድረስ ብቻ። ቢሆንም ተቆጥሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ እጅ ስጎርስ አፍራለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሳሙናው። አሻጥረኛው ታስሮም ፓምፑ አሻጥሩን ስላልተወ፣ በአራተኛው ቀን እንድመረምር እኔን ጠራችሁኝ። ባለቤቴ ረሂማ ከኅብረት ሱቁ ተሰልፋ ያገኘችውን የወሩን ሳሙና በባልዲ በጥብጬ፣ ፓምፑ እየሠራ አረፋውን በየመጋጠሚያው ቀባሁ። በሌላው ሁሉ አረፋው ባለበት ተቀመጠ፤ በክዳኑ ዙሪያ ግን ወደ ውስጥ ተመጠጠ። ገለታ በክር ያሳየን ቦታ ነበር። ይህንን ሳመለክት ለሦስት ማመልከቻ ያልተከፈተው መጋዘን በሩብ ሰዓት ተከፈተ። የሕፃን መጫወቻውን ፈርሜ ተረከብኩ፤ የክዳኑን መቀመጫ ጠርጌ፣ ላስቲኩን ቫዝሊን ቀብቼ ገጠምኩት፤ ክዳኑንም በእጄ አጠበቅሁ። ፓምፑ ዝም አለ። እርስዎም በሕዝብ ፊት አመሰገኑኝ። የሳሙናውን ነገር ትቼዋለሁ፤ ረሂማ ልብሳችንን በእንዶድ አጥባለች።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ቀዳዳው ከተገኘ ገለታ ዛሬውኑ ይፈታል ብዬ ለባለቤቱ ለቡርቱካን ነገርኳት። አመነችኝ፤ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አሙቃ ጠበቀችው። አልመጣም። በማግስቱ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ስንቅ ስትወስድለት ተቀበሏት። በሦስተኛው ቀን ግን ሳህኑ እንደተቋጠረ ተመለሰላትና በር ላይ ያለው ጥበቃ "እትዬ፣ ከእንግዲህ አያምጡ" አላት። ክቡር ሆይ፣ ይህ ቃል በዚህ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አላት፤ የት እንደሆነ አልነገራትም። ይኸው አርባ ቀን ሆነው። እሷ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ስንቁን ትሠራለች፣ ከዚያው በር ሄዳ ትቆማለች፣ መልሳ ለእኔ ቢጤ ትሰጠዋለች። ጥቁር ልልበስ ወይስ ልጠብቀው እያለችም እኔን ትጠይቀኛለች። እኔን፣ እጅ ያወጣሁትን። እባክዎ አንድ ቃል ይንገሯት። ሞቶም ከሆነ እንድታለቅስለት ይፍቀዱላት። ለቅሶም ማመልከቻ የሚያስፈልገው ከሆነ እኔ እጽፍላታለሁ፣ ሦስት ጊዜም ቢሆን።

የመዋኛው ውሃ የጠራ፣ አዳራሹ የሞላ፣ የማኅተምዎም ቀለም የማይደርቅ ይሁን እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሳቢት አብዱልሰላም
የቧንቧ ነጋዴ፣ በጎረቤቱ ላይ እጁን ያወጣ
ጉለሌ፣ መጋቢት 1970 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የሚገባበት እንጂ የማይወጣበት ቀዳዳ በዓለም ላይ የለም የሚለው የጓድ አጥናፉ ቃል በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ስህተት ስለሆነ ይታረምልኝ። እዚሁ ቀበሌያችን ውስጥ፣ ቡርቱካን ሳህን ይዛ ከምትቆምበት በር በስተኋላ፣ አንድ አለ። እሱን ለማግኘት ሳሙና አላስፈለገኝም።