ወይ የኛንም፣ ወይ እንግሊዝኛ ብቻ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ነሐሴ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለፍሥሐ፣

ሌላ ጊዜ «ውዴ» ብዬ ነበር የምጀምረው፤ ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ። ለጤናህ ግን እጸልያለሁ። እናትህ እማማም ከአልጋ ተነስተው እህል መቅመስ ከጀመሩ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ፣ ልጅህ ሔራን አኩርፋለች፣ እኔ ደግሞ ደሜ ፈልቷል።

በስልክ ያልነገርኩህ ገና አፌን ስከፍት «ቆይ እስኪ፣ ቆይ» እያልክ ስለምታቋርጠኝ ነው። የሥራ ጓደኛዬ ኑራ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለምትበር በእጇ ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሔራን በስፓኒሽ ማስታወቂያ ከምታነብበት የስታዲየሙ ማይክ ተነስታለች። ያስነሳሃት አንተ ነህ።

አልሰማሁም እንዳትል፤ አብረውህ የነበሩት ጋሼ ጀማነህ ሁሉን ነግረውኛል። ከመሄድህ በፊት ሬስቶራንት ተሰብስባችሁ ለሰፈራችን ለሂልቶፕ የኳስ ክለብ ደብዳቤ ጽፋችኋል። «በሜዳችሁ በስፓኒሽም ማስታወቂያ ይነገራል። እኛም እዚህ ሰፈር ብዙ ነን። ወይ የኛንም ጨምሩ፣ ወይ እንግሊዝኛ ብቻ ይሁን።» ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ አስፈርማችሁ፣ ያንተን ስም ከላይ አድርጋችሁ ልካችኋል። ስፓኒሹን የምታነበው የገዛ ልጅህ መሆኗን እያወቅክ!

እኔ አንተን አላጣህም። ሁለተኛውን የጻፍከው ለማስፈራራት ነው። መርካቶ ጨርቅ ስትገዛ «ካልሆነ ይቅር» ብለህ ሁለት እርምጃ ትሄዳለህ፤ ነጋዴው መልሶ ይጠራሃል። ሰውዬ፣ እነዚህ አይጠሩህም! «ስለ አስተያየታችሁ ከልብ እናመሰግናለን፤ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ሁለተኛውን ሐሳባችሁን ተቀብለናል» ብለው መለሱላችሁ። ማኔጀሩ ደግሞ ሔራንን ጠርቶ ደብዳቤውን አሳያት። «የጠየቀን ያንቺው ኮሚኒቲ ነው» አላት።

መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ሳበችና መልሳ ለቀቀችው። ከዚያ «ማም፣ ዳድ ሄት ያደረገው፣ የጠላው፣ እኔን ነው ወይስ ስፓኒሹን?» አለችኝ። ምን ልበላት? እስኪ አንተ ንገረኝ፣ ምን ልበላት?

እውነቱን እኔ ልንገርህ፤ ቀንተህ ነው። አማርኛ ስታናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልህ ልጅ፣ በስፓኒሽ እንደ ውሃ ስትፈስ ሰምተህ ሆድ ባሰህ። የመጀመሪያ ቀን ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅህን አጣምረህ ነበር፤ አይቼሃለሁ። እኔንስ አልከፋኝም? ከፍቶኛል። ግን ቋንቋውን ማን አስተማራት? እኔና አንተ ኦቤትስ ከተማ መጋዘን ሥራ ስንውል ከትምህርት ቤት ተቀብለው ያበሏት፣ ራሷን ሲያማት ግንባሯን የዳሰሱላት እነዚያ ስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ውለታቸውን የመለስክላቸው ቋንቋቸውን ከሜዳ በማስወጣት ነው። አሁን በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላም ለማለት አፍራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታ ነበር። ሔራን አልሄድም ብትልም ጎትቼ ወሰድኳት። በእረፍት ሰዓት ሰማዩ ጠቆረና መብረቅ ይባርቅ ጀመር። ድምፅ ማጉያው «ከወንበራችሁ ተነሱ፤ ጣሪያ ሥር ግቡ፤ የብረቱን አጥር አትንኩ» አለ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ። ግማሹ ሰው ተነሳ። ግማሹ ተራ ዝናብ መስሎት ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ቁጭ አለ። ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ እናቶቻቸው ይስቃሉ።

ሔራን ከአጠገቤ ብድግ አለች። ያለ ማይክ፣ ደረጃውን እየወጣች እየወረደች በስፓኒሽ ጮኸች። እናቶቹ ልጆቻቸውን ከአጥሩ እየነጠቁ ሮጡ። እሷ ግን ድምጿ እስኪዘጋ አላቆመችም።

ከላይ ጥግ ላይ የሰፈራችን ልጅ የሰብስቤ እናት ብቻቸውን ቀርተዋል። ከአገር ቤት ከመጡ ወር አልሞላቸውም፤ ሰብስቤ መኪናውን ሊያቀርብ ሄዷል። በእንግሊዝኛም ሆነ በስፓኒሽ ቢነገር አይገባቸውም ነበር። ሔራን ሮጣ ደረሰችባቸው፤ እኔም ከኋላዋ።

«እማማ፣ መብረቅ ነው። ተነሺ። እዚህ ጥሩ አይደለም» አለቻቸው።

አንቺ ማለቷን አልተቀየሟትም። እጇን ይዘው፣ አንድ አንድ ደረጃ እየወረዱ፣ ጣሪያው ሥር ሲደርሱ ቀና ብለው አዩዋት። «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እናት?» አሏት።

እኔ እሷን ብሆን፣ እንዲህ ካደረግከኝ በኋላ፣ ስምህን አፌ ላይ አላመጣውም ነበር። እሷ ግን በዚያ በተዘጋ ድምጿ «የፍሥሐ ልጅ ነኝ» አለች።

ይህን አንብበህ ስትጨርስ ለእኔ እንዳትደውል። ለእሷ ደውል።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ምሕረቱን ያውርድላቸው። አንተንም በሰላም ይመልስህ፤ ንዴቴ ግን እስክትመጣ የሚበርድ አይመስለኝም።

ጽጌ