በውስጥ በኩል ያለቀው ጎማ

መካነ ሰላም፣ ሐሙስ ኅዳር 7 ቀን 1999 ዓ.ም.

የፊት ቀኝ ጎማው እንደገና በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቶ ሽቦው ወጥቷል። ባለፈው ጎሚስታው ፈቶ የተበላውን ጎን ወደ ውጭ ሲገለብጥልኝ ተገላገልኩ ብዬ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የጎማው አይደለም። ዛሬ ሚኒባሷን በክሪክ አንስቼ ጎማውን ብነቀንቀው እጄ ላይ ተወዛወዘ። ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ቴስታ አልቋል። እሱ ከተላቀቀ ጎማው መሪ አይታዘዝም።

የሚሠራልኝ ሰው ያለው ደሴ ነው፤ ደሴ ለመድረስ ደግሞ መንገዱ ላይ ያለውን ረጅም ቁልቁለት መውረድ አለብኝ። ተሳፋሪ አልጭንም፣ ነገ ባዶዋን እወርዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ቤት ስገባ እማዬ ጓዟን ሸክፋ ጠበቀችኝ፤ ነገ እህቴ ከጅዳ መጥታ ደሴ ትገባለች።

«በአውቶቡስ ሂጂ» አልኳት።

«ልጄ እየነዳ እኔ በሰው መኪና? ጋቢናውን ለእኔ ያዝልኝ። አላህ ካለ በሰላም እንገባለን።»

ጋቢናው ያለው ልክ ከዚያ ጎማ በላይ ነው።