ቤዛን የረሳሁበት ጥቅምት

ጥቅምት 4

ሽንኩርቱ አረረ። ደግሞ! ልብስ ላሰጣ ወጣሁ… ገመዱ ላልቷል፣ እሱን ላጥብቅ… ከዚያ ሚስማር ፍለጋ። የጠራኝ ሽታው ነው። ባሌ ሄኖክ መስኮቱን ከፍቶ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 9

ቤዛን ረሳኋት። የስድስት ዓመት ልጄን! ከትምህርት ቤት ላመጣት ነው የወጣሁት። ፈላና በር ጉልት ላይ ቲማቲም ልግዛ ብዬ ቆምኩ፤ ከሻጯ ከፈቲያ ጋር ወሬ ያዝን፤ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ቲማቲሙን እያጠብኩ ነው ትዝ ያለችኝ። ሮጬ ስደርስ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አጠገብ ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ።

አማቴ እማማ ለተማርያም ሰምተው መጡ። እኔን ዞር ብለው አላዩኝም፤ ለልጃቸው ነው የተናገሩት። "ልጅቷን እኔ ዘንድ አምጣት። ይቺ እንኳን ልጅ ድስት አትጠብቅም።" ሄኖክ መሬት መሬቱን አየ። ምን ዓይነት ባል ነው?

ጥቅምት 10

ወሰዷት።

ጥቅምት 19

ሐኪም ጋ እንድሄድ የገፋፋችኝ ፈቲያ ናት። የወንድሟ ልጅ እንደኔው ነበር። "ወላሂ ስንፍና አይደለም፣ ታዪዬ" ብላ፣ ጉልቷን ለእህቷ ትታ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ ጥያቄ አከታተለችብኝ። ትምህርት ቤት እያለሽስ? ዕቃ ይጠፋብሻል? ተራ መጠበቅስ? መጀመሪያ ሳቄ መጣ… ቀጥሎ ለቅሶዬ።

ኤዲኤችዲ ይባላል አለችኝ። የትኩረት ችግር ነው፣ ከልጅነት የሚጀምር። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅላቸው ያድጋሉ፤ ቁጭ ብላ በሐሳብ የምትጠፋን ልጅ ማን ልብ ይላል? መድኃኒትም መላም አለው።

እኔን ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኩርኩም! አስተማሪው፣ አባቴ፣ ሁሉም… አንድ ሰው እንኳ "ምን ሆነሽ ነው?" አላለኝም። እንዴት እንደተናደድኩ!

ጥቅምት 20

ለሄኖክ ነገርኩት። ለማንም እንዳትናገሪ፣ አበደች ይሉሻል አለኝ። ለእናትህስ? በተለይ ለእናቴ፣ አለ። ሰነፍ ሲሉኝ ያላፈረ ሰውዬ ዛሬ አፈረብኝ? እራቱን ራሱ ያቅርብ።

ኅዳር 12

መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ። የስልኬ ማንቂያም በየሰዓቱ ይጮህብኛል። ድስት አላረረም አልልም… ግን ቀንሷል። ቤቱ ያለ ቤዛ ጭር ብሏል።

ኅዳር 16

እማማ ለተማርያም ቤዛን እየጎተቱ መለሷት። ደብተሯን ጥላለች፣ ሲጠሯት አትሰማም፣ ቅዳሴ ላይ አንድ ቦታ አትቆምም። እንደ እናቷ ባለጌ ናት አሉ። ክንዷ ላይ ሰንበር አየሁ።

ደሜ ፈላ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አውቃለሁ። "እማማ፣ እኔን እንዳሻዎት ይበሉኝ። ልጄን ግን ሁለተኛ አይነኩብኝም።" ከዚያ ሕመሙንም፣ ሐኪሟንም፣ መድኃኒቱንም ዘረገፍኩት። ጎረቤት ይስማ! ሄኖክ ቀስ በይ አለኝ። ቀስ አላልኩም። ነገ ቤዛንም ሐኪሟ ጋ እወስዳታለሁ፤ ከፈለገ ይከተለን።

እሳቸው ሲወጡ ቤዛ ቀሚሴን ያዘች።

"እማዬ፣ ባለጌ ነኝ እንዴ?"

አይደለሽም አልኳት። እኔም አልነበርኩም።