ከሩቅ የመጣው ሳል

አሰላሙ አለይኩም አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይኸው ለፍላፊዋ ልጅህ ዛሬም ልለፈልፍልህ ነው። ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው፤ ቬንትሌተሩ አሁንም ይንጫጫል። ማዕከላዊ ገበያ ያለውን የጨርቅ ሱቅህን እማዬ ይዛዋለች፤ ደንበኞችህ ካንተ ይልቅ እሷን ይፈራሉ።

ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። ታናሽ እህቴ ሐናን ባለፈው ሐሙስ ተዳረች። በጊታሬ አጅቤ ነው አዳራሹ የማስገባሽ ብለህ የገባህላት ቃል፣ ለኔ ራስ ምታት ሆኖብኝ ከረመ።

ስትጫወት ክሩን መታ ታደርግና በትንሿ ጣትህ ጊታሩ ላይ ያለውን የድምፅ መክፈቻ ቀስ እያልክ ታዞረው ነበር። ምቱ አይሰማም፤ ድምፁ ብቻ ከዝምታ ውስጥ እያደገ ይመጣል። ልጅ ሆኜ ጊታርህ ይተነፍሳል ብዬ አምን ነበር። በመጨረሻው ዓመት ግን ያቺ ጣት ደርቃ እምቢ አለችህ። ኮምፒውተሬ ላይ ስቀዳህ ምቱ ሁሉ ድው ድው እያለ ወጣ። ይሄ የኔ አይደለም ብለህ ጊታሩን አልጋ ሥር ከተትከው። ያን ቀን ዝም ብዬ አየሁህ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለሰርጉ ያንኑ ቅጂ አወጣሁት። የእያንዳንዱን ምት መነሻ ዝቅ አድርጎ ድምፁን ቀስ በቀስ የሚያሳድግ፣ ፕለጊን የሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ እሱን ጫንኩበት። ሳዘገየው ዜማህ እንቅልፋም ሆነ፤ ሳፈጥነው ያ ድው ድው ተመለሰ። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የጣትህን አዟዟር እያስታወስኩ ሞከርኩ። በአራተኛው ቀን አንተው መጣህ። እማዬ ከማድ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

የቸገረኝ ሳልህ ነበር። ዜማው ከመጀመሩ በፊት ትስላለህ፤ ያው ሴቶች ወዳሉበት ክፍል ስትመጣ፣ እንዲከናነቡ የምታስታውቅበት ሳል። ፕለጊኑ ሞኝ ነው፣ ሳልና ክር አይለይም። እሱንም ከዝምታ አንስቶ ቀስ አድርጎ አሳደገው፤ ከኮሪደሩ ጫፍ የምትመጣ ነው የምትመስለው። ሐናን ሰምታው፣ ቁረጪው፣ ሰው ይስቅብናል አለችኝ። የሌላ ሰው ቢሆን እቆርጠው ነበር፣ ድምፅ ማስተካከል እንጀራዬ ነው። እጄ ግን እምቢ አለኝ፤ ሳልነግራት ተውኩት።

ሐሙስ የሴቶቹ አዳራሽ በር ሲከፈት ሳልህ ተሰማ። ማንም አልሳቀም አባዬ። ራሳቸውን ገልጠው የተቀመጡት እናቶች በሙሉ ሻርፓቸውን ሳቡ። ሐናን እርምጃዋን ገታ አድርጋ ወደ ኋላ ዞረች፤ ወዲያው ጊታርህ ተነሳና ይዟት ገባ።

እኔ በሕይወት እስካለሁ ያን ሳል ማንም አይቆርጠውም፤ ቃሌ ነው። የልጅ ልጆችህም ከነሳልህ ያውቁሃል።

ልረሳው የነበረ፦ ከሴቶቹ መሃል ያልተከናነበችው እማዬ ብቻ ናት። እሷማ ፀጉሯን በእጇ አስተካክላ ወደ በሩ አየች።

ለፍላፊዋ ልጅህ