እናቴ የቀዳችበት ካሴት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1978

አቡጀዴ ስለካ ዋልኩ። ገዢ ሲጠፋ ካሴቴን እከፍታለሁ... የ«ቆርቆሮ» ባንድን። የዲላ ልጆች ናቸው፤ ስማቸውን ያወጡት ከሚለማመዱበት የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ጊታሪስቱ ወልደዮሐንስ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሰማውን፣ ፓንክ የሚሉትን የፈረንጅ ሙዚቃ በአማርኛ ይጫወቱታል። ስምንት ዘፈን፤ አንዱም ከሦስት ደቂቃ አያልፍም። ጊታሩ በደንብ አልተቃኘም። ዘፋኟ አመለወርቅ ቀን ቀን ቢሮ ስትታይፕ የምትውል ዝምተኛ ልጅ ናት። እዚህ ላይ ግን ጉሮሮዋ እስኪሻክር ትጮሃለች። «ጭቃ» የሚለው ዘፈን ላይ ድራሙ ጊታሩን ጥሎት ይሮጥና ቆሞ ይጠብቀዋል። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ብቻዬን እስቃለሁ።

ለምን እንዲህ ደስ አለኝ? እንጃ። ያልተኳለ ነገር ስለሆነ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አመለወርቅን መንገድ ላይ አገኘኋት። ካሴቱን የሰጠችኝ እሷው ናት። «እንዴት ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። ደህና ነው! ምን ዓይነት ደረቅ ነኝ...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጉድ ሆንኩ። ዕቃ ላመጣ ይርጋጨፌ አድሬ ስመለስ ካሴቱ የለም። እናቴ ናት። ጅዳ ላለው ወንድሜ ለባህሩዲን ድምጿን እየቀዳች ነው የምትልከው፤ ደብዳቤ አያጠግባትም። ነጋዴው ኡስማን ድንገት ወደ ጅዳ ሊሄድ ነው ሲባል ቴፑ ውስጥ ባገኘችው ካሴት ላይ ቀድታ ላከች። ምንም ስላልተጻፈበት ባዶ መስሏት። የእሷ ሰላምታ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዘፈን ይበላል።

«ምን ነበረበት?»

«ዘፈን።»

«ታዲያ ዘፈን ከወንድምህ ይበልጣል?»

ተናድጃለሁ፤ በጣም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሌላ እንዲቀዱልኝ መጋዘን ሄድኩ። ለካ ዋናው ካሴት ላይ የቀበሌው የኪነት ቡድን ልምምዱን ቀድቶበታል። ቅጂ የሰጧቸው ሰዎች ስድስት ነበሩ፤ የአምስቱን አላህ ይወቀው። የእኔን ስነግራቸው ወልደዮሐንስ «እንኳን ተቀዳበት፤ እናትህ ቢያንስ ሰሚ አላት» አለ። ከሚሠራበት ከሬኮ ቡና ማጠቢያ ገና መምጣቱ ነው፤ ቦቲው ጭቃ በጭቃ። እየቀለደ አልነበረም። ጊታሩን የተዋሱት ከኪነቱ ነው። ታኅሣሥ አምስት መልሰው ሊበተኑ ወስነዋል። ከስድስቱ ሰው አንድ እንኳን ስለ ዘፈኑ ምንም አላላቸውም።

እኔም።

ያኔ አፌ ተከፈተ። ዘፈን በዘፈን ነገርኳቸው። የድራሙን ሩጫ፣ «ወረፋ» ላይ አመለወርቅ ሳል ይዟት ሳታቋርጥ የዘፈነችውን... ሁሉን። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። «ይኼን ቀደም ብለህ ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለች። አፈርኩ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ኡስማን ተመለሰ፤ የባህሩዲንን መልስ በካሴት ይዞ። እናቴ ድምፁን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ ወንድሜ ካሴቱ ላይ ወደ እኔ ዞረ። «ኸድሩ፣ ከእማ ድምፅ ቀጥላ የምትጮኸው ልጅ ማን ናት? አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ነን፤ ከሥራ ስንገባ እሷን ነው የምንከፍተው። አብሮን የሚኖረው ሱዳናዊ እንኳን አማርኛ ሳያውቅ አብሮ ይጮሃል። ከመሀል ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያውን ላክልን።»

ሦስቴ ሰማሁት። ነገ አምስት ነው!

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ቴፑን ተሸክሜ መጋዘን ደረስኩ። ጊታሩ ሻንጣው ውስጥ ገብቷል። የባህሩዲንን ድምፅ ከፈትኩላቸው። ወልደዮሐንስ «መልሰው» አለ። መለስኩት። ደግሞ «መልሰው» አለ። ሦስተኛው ላይ ሻንጣውን ከፈተ።

እናቴ ተከትላኝ መጥታ ነበር፤ ለባህሩዲን የሚሄድ ካሴት ያለ ሰላምታ አይሄድም ብላ። በርሜል ላይ ተቀመጠች። እነሱም ቆመው ጠበቋት። የአክስቶቼን፣ የጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን አዲስ ጥጃ ሳይቀር... ሰላምታ አድርሳ ስትጨርስ «በሉ ልጆቼ፣ አሁን ጩኹ» አለቻቸው።

ቴፑ እየቀዳ ስምንቱንም ተጫወቱ። ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል። ሲጨርሱ አመለወርቅ ፊት ቆሜ «በጣም ነው የምወደው» አልኳት። አልሸሸሁም።

«ሰኞ ኪነቱ ቢሮ ሄደን ጊታሩ እንዲቆይልን እንለምናለን» አለች።

«ማን ማን?»

«እኛ ነና። አንተም።»