ጩቤው ከአፎቱ ያልገባበት ምክንያት

ለልጅ ልጄ፤ ዕድሜሽ እንደኔ ይርዘም፣ ጥርስሽ ግን እንደኔ አይርገፍ። እኛ ደህና ነን። ሚስቴን፣ አያትሽን፣ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ጤነኛ ነው።

የወታደሩ አባቴ ጩቤ አፎቱ ውስጥ እስከ ግማሽ ብቻ እየገባ ስንት ዓመት እንዳስቸገረን ታውቂያለሽ። አጎትሽ «አፎቱ የሌላ ሰው ነው፤ እንጣለው» ብሎ ሲነዘንዘኝ፣ ጎረቤታችን ቆዳ ሠሪው ዘንድ ወሰድኩት። የአፎቱን የናስ አፍ በደረቅ ጨርቅ ቢጠርገው፣ ጩቤው ላይ ያለው ቁጥር እዚያም ተቀርጿል። ለካ ሁለቱም የአባቴ ናቸው።

ታዲያ እንዳይገባ ምን አገደው? በባትሪ ወደ ውስጥ ቢያይ እርሳስ ተወትፏል፤ ጫፉ በጥርስ የተቀረጣጠፈ። በቤታችን እርሳስ የሚበላ ማን እንደነበር አልናገርም።

«ላውጣው?» አለኝ።

«የከተተችው መጥታ ታውጣው» አልኩት።

ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ስለሚያዝገው ለየብቻ አስቀምጡ ብሏል። አያትሽንም አፎቱን የምግብ ዘይት እንዳትቀባ ከልክሏታል፤ እስካሁን አኩርፋለች።

የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ሲመችሽ ብቅ በይ። ጩቤው ከአፎቱ ተለይቶ መደርደሪያው ላይ ይጠብቅሻል፤ እኔም አጠገቡ።

አያትሽ